ስም የሚያወጣው ከፋዩ ነው፦ የካንትሪ ሙዚቃ አጃቢ ባንዶች ስማቸውን ከየት አገኙት?

(በናሽቪል፣ ቴነሲ፣ በኢትዮጵያውያን ወርኃዊ የንባብና የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንዳለ የቀረበ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? የቅዳሜን ከሰዓት፣ ያውም ለብዙዎቻችሁ ዋና የሥራ ሰዓት የሆነውን፣ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቡናውን ላፈሉልን እናቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስለ ካንትሪ ሙዚቃ አጃቢ ባንዶች ስም እናገራለሁ ብዬ ርእሴን ባስታወቅሁ ጊዜ ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ርእስ ጠፍቶ ነው?» ብሎኛል። አልጠፋም። ነገር ግን የምንኖረው ናሽቪል ነው። ልጆቻችን የሚያድጉት፣ እኛም እንጀራችንን የምናበስለው በዚህ ሙዚቃ ከተማ ውስጥ ነው። ከመካከላችን ታክሲ የሚነዱት፣ ሆቴል የሚሠሩት፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁት ወገኖች ከሙዚቀኞቹ ጋር በየቀኑ ይገናኛሉ። ደግሞስ ይህ ሙዚቃ ከመምጣታችንም በፊት እንግዳችን ነበርን? በካሴቱ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጂም ሪቭስንና ኬኒ ሮጀርስን ሳይሰማ ያደገ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሰው አለ?

እስቲ ኬኒ ሮጀርስን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። መልካም፤ ሁላችሁም ናችሁ ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ከኋላው ቆሞ ይጫወትለት የነበረውን ባንድ ስም የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። አንድም ሰው የለም! ብለድላይን ይባላል። ጂም ሪቭስን ያጅብ የነበረውስ? ብሉ ቦይስ። ዛሬ የምንነጋገረው እንግዲህ ስለ እነዚህ፣ በፖስተሩ ላይ ከድምፃዊው ስም በታች በአነስተኛ ፊደል ይጻፉ ስለነበሩት ስሞች ነው።

አሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃዬን እያያችሁ ትፈርዱኛላችሁ። የአጃቢ ባንድን ስም የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ባንዱ አይደለም። ስም የሚያወጣው ከፋዩ ነው። ከፋዩ በአንድ ዘመን ራዲዮ ጣቢያ ነበር፤ በሌላ ዘመን የዱቄት ፋብሪካ ነበር፤ ኋላ ላይ ድምፃዊው ራሱ ሆነ። ንግግሬን በዚሁ ቅደም ተከተል በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ፤ በአራተኛ ደረጃ ደግሞ ከፋዩ የሞተ ወይም የተለወጠ እንደሆነ ስሙ ምን እንደሚሆን እንመለከታለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የመጀመሪያው ነጥቤ ራዲዮ ነው። ደብልዩ ኤስ ኤም የተባለው ጣቢያ በ1925 እዚሁ ናሽቪል ውስጥ ሥራ ሲጀምር ባለቤቱ ናሽናል ላይፍ ኤንድ አክሲደንት የተባለ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ሦስቱ ፊደላትም «ሚሊዮኖችን እንጠብቃለን» የሚለው የኩባንያው መፈክር ምሕፃር ናቸው። ጣቢያው ራሱ ሲወለድ ጀምሮ የከፋዩን ምልክት ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። የዚህ ጣቢያ የቅዳሜ ማታ ዝግጅት ነው ኋላ፣ በ1927፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚለውን ስሙን ያገኘው፤ ስሙን ያወጣለትም አስተዋዋቂው ጆርጅ ዲ. ሄይ ነበር።

ይህ ሄይ ስም ማውጣት የሚወድ ሰው ነበር። ወደ ስቱዲዮው ከሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ሙዚቀኞች አንዱ ዶክተር ሐምፍሪ ቤይት ይባሉ ነበር። ዶክተር ስላችሁ የማዕረግ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ትክክለኛ ሐኪም ነበሩ፤ ሐርሞኒካ ይጫወታሉ። ባንዳቸው ክብሩን የጠበቀ፣ ኦርኬስትራ የሚል ስም ነበረው። ሄይ ይህንን ስም ወደ ጎን አለና ባንዱን ፖሰም ሃንተርስ አለው፤ ፖሰም የምትባለው፣ ሌሊት ሌሊት የምትንቀሳቀስ የዱር እንስሳ አዳኞች ማለቱ ነው። ሰዓት ጠጋኞች የነበሩት የቢንክሊ ወንድማማቾች ዲክሲ ክሎድሆፐርስ ተባሉ፤ በእኛው አነጋገር የደቡብ ጓል ረጋጮች እንደማለት ነው። በመኪና መካኒክ የሚመራው ሌላው ባንድ ጋሊ ጃምፐርስ፣ ፈፋ ዘላዮች፣ ሆነ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ፍሩት ጃር ድሪንከርስ የተባለው ነው። የፍራፍሬ ማስቀመጫው ብርጭቆ ማሰሮ በድብቅ የሚጠመቅ አረቄ ይጠጣበት የነበረ ዕቃ ነው፤ ዘመኑም መጠጥ በመላ አሜሪካ በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የተከበረ የኢንሹራንስ ኩባንያ በራሱ ጣቢያ ላይ «አሁን ደግሞ አረቄ ጠጪዎቹ ይጫወቱላችኋል» ብሎ ያስተዋውቃል።

ለምን እንዲህ አደረገ? አድማጩን ስለሚያውቅ ነው። ኢንሹራንሱን የሚገዛው ገበሬና ከገጠር ወደ ፋብሪካ የፈለሰ ሠራተኛ ነበር፤ እርሱም በራዲዮ መስማት የሚፈልገው ያደገበትን መንደር ነው። ስለዚህ የተማረው ሐኪምና የከተማው ሰዓት ጠጋኝ ገጠሬ እንዲመስሉ ተደረገ። በመጀመሪያ ዓመታት በተነሷቸው ፎቶግራፎች እነዚሁ ሰዎች ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገው ይታያሉ፤ ኋላ በተነሷቸው ላይ ደግሞ የእርሻ ቱታና የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል። መጀመሪያ ስሙ መጣ፤ ልብሱ ስሙን ተከተለ።

ይህን ጉዳይ ባነበብሁ ቁጥር የራሴ ታሪክ ትዝ ይለኛል፤ ከፈቀዳችሁልኝ ጥቂት ከመንገዴ ወጣ ልበል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ክራር እጫወት ነበር። የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ለቡድናችን የሰፈራችንን ስም መርጠን፣ በትልቁ ከበሮ ላይ በነጭ ቀለም አሳምረን ጽፈን ነበር። የላብ አደሮች ቀን ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ኃላፊው መጣ፤ ከበሮውን ዞር አድርጎ አየ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ማግስቱን ስንመጣ የእኛ ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተሸፍኖ፣ ሁለት መፈክር ተገጣጥሞ የወጣ ስም ተጽፎበት ጠበቀን። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ያን ቀን ከበሮውን የመታው ልጅ መዳፉ ቀልቶ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ከበሮውም፣ አዳራሹም፣ የደንብ ልብሱም የቀበሌው ስለነበሩ ማን ምን ሊል ይችላል? ስለዚህ ዶክተር ቤይት አንድ ቀን ኦርኬስትራ ሆነው ሄደው በማግስቱ አዳኝ ሆነው ሲመለሱ ምን ተሰምቷቸው ይሆን ብዬ መጠየቄ አይቀርም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የውጭ ሰው ያወጣው ስም ከባንዱ አልፎ የሙዚቃው ሁሉ ስም የሆነበትም ጊዜ አለ። በጥር 1925 አል ሆፕኪንስ የተባለ ሙዚቀኛ ከጓደኞቹ ጋር ሸክላ ለማስቀረጽ ኒውዮርክ ወደሚገኘው የኦኬ ኩባንያ ሄደ። ቀረጻው አልቆ የኩባንያው ሰው ራልፍ ፒር የባንዱን ስም ሲጠይቀው ስም አልነበራቸውም፤ ሆፕኪንስም እኛ ከሰሜን ካሮላይናና ከቨርጂኒያ የመጣን ሂልቢሊዎች ነን፣ እንደ ወደዳችሁ ጥሩን የሚል መልስ ሰጠ። በሸክላው ላይ ሂል ቢሊስ ተብሎ ተጻፈ። ቃሉ ተራራ ላይ የሚኖረውን ድኻ ለማናናቅ የሚነገር፣ ለጠብ የሚያበቃ ቃል ስለነበረ ከባንዱ አባላት ውስጥ እንኳ ያልተደሰቱበት ነበሩ። ይሁን እንጂ ካንትሪ የሚለው መጠሪያ እስኪለመድ ድረስ ሙዚቃው በሙሉ ለብዙ ዓመታት ሂልቢሊ ሲባል ኖረ።

ራዲዮው ስም ማውጣት ብቻ ሳይሆን መከልከልም ያውቅ ነበር። ሮይ ኤከፍ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ከምትገኘው ከሜይናርድቪል አካባቢ የተነሣ ነው። በኖክስቪል ራዲዮ ሲጫወት ባንዱ ክሬዚ ቴነሲያንስ ይባል ነበር፤ እብዶቹ የቴነሲ ሰዎች። በ1938 ወደ ኦፕሪ ሲመጣ ይህ ስም ለደብልዩ ኤስ ኤም አልጣማቸውም፤ የክፍለ ግዛቱን ሕዝብ የሚያስቀይም መስሎ ታያቸው። በዚህም ምክንያት ባንዱ በተወለዱበት አገር ተራሮች ስም ስሞኪ ማውንቴን ቦይስ ሆነ፤ እስከ መጨረሻውም በዚሁ ጸና። ከዚያ በኋላ በአገር ስም መጠራት ደንብ መሰለ። ኧርነስት ተብ ቴክሳስ ትሩባዶርስን ይዞ መጣ። ሐንክ ቶምፕሰን የዋኮ ልጅ ነውና በከተማው በሚያልፈው ወንዝ ባንዱን ብራዞስ ቫሊ ቦይስ አለው። የስታንሊ ወንድማማቾች በቨርጂኒያ ተራራቸው ክሊንች ማውንቴን ቦይስ አሉ።

ታዲያ አገሩ ሁልጊዜ እውነተኛ ነበርን? አልነበረም! ጎልደን ዌስት ካውቦይስ፣ የወርቃማው ምዕራብ ካውቦዮች የሚባለውን ባንድ ይመራ የነበረው ፒ ዊ ኪንግ በሰሜን፣ በዊስኮንሲን፣ ከፖላንዳውያን ቤተሰብ የተወለደ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው፤ የትውልድ ስሙ ፍራንክ ኩቺንስኪ ነበር። ሬይንቦ ራንች ቦይስን የመራው ሐንክ ስኖው ደግሞ ከካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያ ባሕር ዳርቻ ነው የመጣው። ጆኒ ካሽ ባንዱን ቴነሲ ቱ፣ ሁለቱ የቴነሲ ሰዎች አለው፤ እርሱ ግን የአርካንሳስ ሰው ነው። ሁለቱ የተባሉት ሉተር ፐርኪንስና ማርሻል ግራንት ሜምፊስ ውስጥ በመካኒክነት ይሠሩ የነበሩ ናቸው። በ1960 ከበሮ መቺው ደብልዩ ኤስ ሆላንድ ሲጨመር ስሙ ቴነሲ ስሪ ተባለ፤ ቁጥሩ ብቻ ተስተካከለ። በእኔ ግምት የሒሳብ ሹም እንኳ ከዚህ የበለጠ ቁጥብ ስም አያወጣም።

ከአገር ስሞች ሁሉ ትልቁን ፍሬ ያፈራው ግን የቢል ሞንሮ ነው። ሞንሮ የሮዚን፣ የኬንታኪ ሰው ነው፤ ኬንታኪ ደግሞ በሣሯ ምክንያት የብሉግራስ አገር ትባላለች። በ1939 ኦፕሪ ሲገባ ባንዱ ብሉ ግራስ ቦይስ ይባል ነበር። ስሙ ያኔ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም፤ የኬንታኪ ልጆች ከማለት አያልፍም። በ1945 ኧርል ስክረግስ በባንጆው፣ ሌስተር ፍላትም በጊታሩና በድምፁ አብረውት ሲጫወቱ የተገኘው ድምፅ ግን ሌሎች ሁሉ የሚቀዱት ሆነ። በ1948 ፍላትና ስክረግስ ወጥተው የራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ፤ መግቢያ ካደረጉት ከካርተር ቤተሰብ ዘፈን ወስደው ፎጊ ማውንቴን ቦይስ አሉት። አድማጩ እንግዲህ ተቸገረ፦ ሞንሮ ሳይኖርበት የሞንሮን የሚመስለውን ይህን ሙዚቃ ምን ብሎ ይጥራው? በ1950ዎቹ ውስጥ ብሉግራስ ማለት ተለመደ። ሞንሮ በ1996 እስኪሞት ድረስ ከመቶ በላይ ሙዚቀኞች በዚያ ባንድ ውስጥ አልፈዋል። የአንድ አሠሪ የደመወዝ መዝገብ ርእስ የነበረው ስም በጃፓንና በቼክ አገር ሳይቀር የሚጫወቱት የሙዚቃ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ነጥቤ ዱቄት ነው። አትሳቁ፤ ዱቄት ነው ያልሁት! ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ፎርት ወርዝ እንሂድ። ቦብ ዊልስ የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ከዘፋኙ ከሚልተን ብራውን ጋር ሆኖ በራዲዮ ይጫወት ነበር። መጀመሪያ የደገፋቸው አላዲን የተባለ የፋኖስ ኩባንያ ስለነበረ አላዲን ላዲስ ተባሉ፤ የአላዲን ልጆች። በ1931 ደግሞ በረስ ሚል የተባለ የዱቄት ፋብሪካ ያዛቸው፤ የዱቄቱ ስም ላይት ክረስት ነበርና እነርሱም ላይት ክረስት ዶውቦይስ ሆኑ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ዜማውም ያው ነው። የተለወጠው ከፋዩ ብቻ ነው፤ ፋኖስ የነበረው ሊጥ ሆነ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደብልዩ ሊ ኦዳንኤል ይባላል። መጀመሪያ ሙዚቃቸውን ንቆት አባረራቸው። አድማጩ ሲጮህ መለሳቸው፤ ነገር ግን ቀን ቀን በፋብሪካው እንዲሠሩ አደረገ። ልብ በሉ፤ ጠዋት ጆንያ የሚጭን ሰው ነው በራዲዮ የጆንያውን ስም ተሸክሞ የሚዘፍነው። ኋላ ኦዳንኤል የራዲዮን ኃይል ሲያይ ራሱ አስተዋዋቂ ሆነ። ብራውን በ1932 ወጣና በራሱ ስም ሙዚካል ብራውኒስን አቋቋመ። ዊልስም በ1933 ተባረረ፤ ወደ ዋኮ ሄዶ አዲሱን ባንዱን ፕሌይቦይስ አለው። በማስታወቂያው ላይ ግን የቀድሞ ላይት ክረስት ዶውቦይስ መሆናቸውን ጻፈ። ኦዳንኤል ፍርድ ቤት ከሰሰው! የክርክሩ ፍሬ ነገር ስሙ የማን ነው የሚል ነበር፦ ዱቄቱን የሚሸጠው ወይስ ቫዮሊኑን የሚመታው? ክሱን ያሸነፈው ዊልስ ነው። ኦዳንኤል ግን አልተወውም፤ ዊልስ ወደ ኦክላሆማ ሲሻገርም ሥራ እንዲነፈግ ይገፋበት ነበር። በ1934 በተልሳ ከተማ ኬ ቪ ኦ ኦ የተባለው ጣቢያ ተቀበለው። ቴክሳስ ፕሌይቦይስ የሚለው ሙሉ ስም የጸናው እንግዲህ ከቴክሳስ ከወጡ በኋላ፣ በኦክላሆማ ነው። በአገሩ ላይ ሆኖ የአገሩን ስም የሚለጥፍ ማን አለ? እኛስ ሬስቶራንቶቻችንን በአገራችን ከተሞች ስም መጥራት የጀመርነው እዚህ ከመጣን በኋላ አይደለምን?

የዚህ ታሪክ ጅራቱም ጣፋጭ ነው። ዊልስ የፋብሪካ ተቀጣሪ መሆን ሲበቃው ፕሌይቦይ የተባለ ዱቄት በባንዱ ስም ተሸጠለት፤ በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ነው የባንዱን ስም የወሰደው። ኦዳንኤልም ከፋብሪካው ተለይቶ ሂልቢሊ የተባለ የራሱን ዱቄት አወጣ፤ ሂልቢሊ ቦይስ የተባለ ባንድም አቋቋመ፤ ባንዱን በመኪና እየዞረ አስጫውቶ በ1938 የቴክሳስ አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በ1941 ደግሞ ለሴኔት በተደረገ ምርጫ ሊንደን ጆንሰንን፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነውን ጆንሰንን፣ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ላይት ክረስት ዶውቦይስ የሚለው ስምም መሥራቾቹ ከሄዱ በኋላ በሌሎች ሙዚቀኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጥሏል።

በሰሜን ካሮላይና ደግሞ የጄ ኢ ሜይነር ባንድ ክሬዚ ማውንቴኒርስ ይባል ነበር። እብድ የተባሉት በጠባያቸው አይደለም፤ ስፖንሰራቸው ክሬዚ ወተር ክሪስታልስ የሚባል፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የሆድ ማለስለሻ ስለሆነ ነው። የሚያሻሽጡትን ነገር እያሰብሁ ስሙን ስሰማ ኮሶ ሻጭ ያቋቋመው ባንድ ይታየኛል።

ሦስተኛው ነጥቤ ድምፃዊው ራሱ ከፋይ ሲሆን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ዘፋኙ በሸክላውና በትርኢቱ ገንዘብ ማግኘት ሲጀምር ባንዱን የሚቀጥረው፣ መኪናውን የሚገዛው፣ ልብሱን የሚያሰፋው እርሱ ሆነ፤ ስሙም ወደ እርሱ ዞረ። ካርል ስሚዝ ቲዩንስሚዝስ ብሎ በአባቱ ስም ተጫወተበት። ፖርተር ዋጎነር ዋጎንማስተርስ አለ። ጆርጅ ጆንስ ብዙም አልተጨነቀም፤ ጆንስ ቦይስ አላቸው። ዌይለን ጄኒንግስ ዌይለርስ፣ ኮንዌይ ትዊቲም ትዊቲ በርድስ። ትዊቲ ራሱ የተወለደው ሐሮልድ ጄንኪንስ ተብሎ ነው፤ የመድረክ ስሙን የወሰደው ከሁለት ከተሞች፣ ከኮንዌይ አርካንሳስና ከትዊቲ ቴክሳስ ነው፤ ስለዚህ ሙዚቀኞቹ በሰውዬው የትውልድ ስም ሳይሆን በሁለተኛይቱ ከተማ ስም ነበር የሚጠሩት።

ሌላው ምንጭ የተወደደ ዘፈን ነው። ዌብ ፒርስ ዎንደሪንግ በተባለው ዘፈን ሲታወቅ ባንዱ ዎንደሪንግ ቦይስ ሆነ። የጂም ሪቭስ ብሉ ቦይስ በ1958 ከወጣው ብሉ ቦይ፣ የቢል አንደርሰን ፖ ቦይስም ፖ ፎክስ ከተባለው ዘፈን የመጡ ናቸው። ሎሬታ ሊን የማዕድን ቆፋሪ ልጅነቷን የተረከችበት ዘፈን በ1970 ሲወጣ ባንዷ ኮል ማይነርስ ተባለ፤ ከሰል ቆፋሪዎች። ፋሮን ያንግ ደግሞ በ1956 በአንድ ፊልም ላይ ከሠራ በኋላ ዘፋኙ ሸሪፍ ተባለ፤ ሸሪፍ ያለ ምክትል አይሆንምና ባንዱ ካንትሪ ዴፑቲስ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያስደስተኝ የቤከርስፊልድ፣ የካሊፎርኒያው ነው። በክ ኦወንስ በሕፃንነቱ በቤተሰቡ በቅሎ ስም በክ ተብሎ የተጠራ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ቤዝ ጊታር ይጫወትለት የነበረ አንድ ወጣት ለባንዱ በከሩስ የሚል ስም አወጣለት፤ ካውቦይ ማለት ሆኖ የአለቃውንም ስም የያዘ ነው። ያ ወጣት መርል ሃገርድ ነበር። እነሆ ተቀጣሪ ለአሠሪው ስም አወጣ! ነገር ግን ያወጣው ስም የማን ስም ነው? የአሠሪው። ሃገርድ ራሱ ባንድ ሲይዝ ደግሞ፣ ሊዝ አንደርሰን የጻፈችውና በ1965 ያሳወቀው ዘፈን ጓደኞቼ ሁሉ ባዕድ ሊሆኑ ነው የሚል ርእስ ነበረውና፣ ባንዱን ስትሬንጀርስ፣ ባዕዶቹ አለው። ለዓመታት በአንድ አውቶቡስ የኖሩ፣ በአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች ባዕዶች ተብለው ኖሩ።

እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ልንገራችሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ አንድ ምሽት አንድ ሽማግሌ ጫንሁ። ሻንጣቸውን ከኋላ አስገቡ፤ ከሻንጣው የሚከብደውን ረዘም ያለ ጥቁር ሣጥን ግን አላስነካም ብለው የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው፣ ቀበቶ አስረውለት፣ እርሳቸው ከፊት ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ስቲል ጊታር ነበር። ማንን እንዳጀቡ ስጠይቃቸው የአንድ ታላቅ ዘፋኝ ስም ጠሩልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «ሸክላው ቤቴ አለ፤ እርስዎን ስሰማ ኖሬያለሁ ማለት ነው!» አልኋቸው። ፈገግ አሉና፣ «በሸክላው ላይ ያለው እኔ አይደለሁም፤ እኔ መንገድ ላይ ነበርሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ነው የተረዳሁት። በናሽቪል ሸክላ የሚቀርጹት ኤ ቲም የሚባሉት ጥቂት የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው ይጫወታሉ። በፖስተሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ባንድ ግን ያንኑ ዜማ በየከተማው እየዞረ የሚያሰማ ነው። ስሙ ያለው ባንድ ሸክላው ላይ የለም፤ ሸክላው ላይ ያሉት ደግሞ በሽፋኑ ላይ አልተጻፉም። በከሩስንና ስትሬንጀርስን ልዩ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ኦወንስና ሃገርድ የመንገድ ባንዶቻቸውን ወደ ስቱዲዮም ይዘው መግባታቸው ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው፦ ከፋዩ ሲሄድ ስሙ ምን ይሆናል? ሐንክ ዊሊያምስ ገና በአላባማ ልጅ ሳለ ጀምሮ ባንዱን ድሪፍቲንግ ካውቦይስ ይለው ነበር፤ ተንከራታቾቹ ካውቦዮች። ከብት ጠብቆ አያውቅም፤ መንከራተቱ ግን እውነት ነበር። በ1949 ናሽቪል ሲገባ ዶን ሄልምስ በስቲል ጊታሩ፣ ጄሪ ሪቨርስም በቫዮሊኑ ስሙን አስከበሩት። ጥር 1 ቀን 1953 ዊሊያምስ በ29 ዓመቱ፣ ወደ ካንተን ኦሃዮ ለትርኢት ሲጓዝ መኪና ውስጥ ሞተ። ሙዚቀኞቹ ከወዳጁ ከሬይ ፕራይስ ጋር መጫወት ቀጠሉ፤ ነገር ግን ፕራይስ በሟቹ ባንድ እየታጀበ ሲዘፍን ሰው ሁሉ ሐንክን መሰልህ ይለው ጀመር። ይህ ለአንድ ዘፋኝ ምስጋና ይመስላል እንጂ ሞት ነው። ስለዚህ ተለያቸውና ቀደም ሲል ሌፍቲ ፍሪዜልን ያጅቡ ከነበሩት ከዌስተርን ቼሮኪስ ሙዚቀኞችን ወስዶ ቼሮኪ ካውቦይስን አቋቋመ። ከአንዱ ባንድ ቼሮኪው፣ ከሌላው ካውቦዩ በአንድ ስም ተገናኙ። በዚህ ባንድ ውስጥ እነማን እንዳለፉ ታውቃላችሁን? ሮጀር ሚለር፣ ጆኒ ፔይቼክ፣ ጆኒ ቡሽ፣ ዊሊ ኔልሰን! ዊሊ የተቀጠረው ቤዝ እጫወታለሁ ብሎ ነው፤ ቤዝ ግን ከዚያ በፊት ተጫውቶ አያውቅም ነበር።

አሠሪው ራሱ በሩን የከፈተበትም ጊዜ አለ። የኧርነስት ተብ ከበሮ መቺ የነበረው ጃክ ግሪን በ1966 በዘፈነው ዘፈን ገነነ፤ በ1967 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲሰጥ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ሆነ። ተብም እንዲህ ያለ ሰው ከኋላዬ መቆም የለበትም ብሎ አበረታትቶ ሸኘው። ካል ስሚዝም ከዚያው ከቴክሳስ ትሩባዶርስ ወጥቶ ዝነኛ ዘፋኝ ሆኗል። ባንዱ ግን ቴክሳስ ትሩባዶርስ እንደ ተባለ፣ ሰው እየተተካ ቀጠለ።

ዊሊ ኔልሰን በበኩሉ የሰው ባንድ ውስጥ ቆይቶ የራሱን ሲይዝ ያወጣው ስም ከእስካሁኖቹ ሁሉ ይለያል፦ ፋሚሊ። አገር የለበትም፤ ዱቄት የለበትም፤ ካውቦይ የለበትም። በፒያኖው ላይ እኅቱ ቦቢ ተቀምጣበት ስለነበር በከፊል እውነተኛ ቤተሰብ ነው። ከበሮ መቺው ፖል ኢንግሊሽ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በ2020 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ አልተለየውም። ደመወዝ የሚከፍለው ያው ዊሊ ስለሆነ የእኔ አባባል አልተሻረም ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም አልሻርሁትም። ግን አሠሪ ለሠራተኞቹ ከሚያወጣቸው ስሞች ሁሉ ይህን የመሰለ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን በአጭሩ ልለፍ። ኤሚሉ ሃሪስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሆት ባንድ፣ ጋርዝ ብሩክስ በተማረበት የኦክላሆማ ከተማ ስም ስቲልዋተር፣ ላይል ላቨት ላርጅ ባንድ፣ ማርቲ ስቱዋርትም ፋቢዩለስ ሱፐርለቲቭስ ብለዋል። ቀልዱና ፉከራው በርትቷል፤ ቱታውና ገለባ ባርኔጣው ቀርቷል።

እዚሁ ከተማችን፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሕንፃ ውስጥ፣ የሙዚቀኞች የዝና አዳራሽ የሚባል ሙዚየም አለ። ከዋናው የካንትሪ ሙዚየም የተለየ ነው፤ የሚያከብረው የተጫወቱትን ነው። በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ካስገባላቸው መካከል የናሽቪሉ ኤ ቲምና የጆኒ ካሽ ቴነሲ ቱ ይገኙበታል። ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁኝ ለመሄድ የምትፈልጉ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ተመዝገቡልኝ፤ ታክሲ የምትነዱት ወገኖች የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ፤ በብዙው ሰው ቀን እንሄዳለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው፣ በተለይ በዱቄቱ ጉዳይ፣ እጁን ያውጣ።